ሲጠብቅና ሲላላ፦ ስለ አንድ የወንጀል ድራማ የመጀመሪያ ክፍል

(የቴሌቪዥን ድርሰት ለሚማሩ ወጣቶች የቀረበ ንግግር)

ክቡራትና ክቡራን፣ በተለይም የቴሌቪዥን ድርሰት ልትጽፉ የተነሣችሁ ወጣቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

አማርኛችን «አዳኝ» የሚል ቃል አለው። ወረቀት ላይ ሲጻፍ አንድ ነው፤ በአፍ ሲነገር ግን ሁለት ነው። «ዳ» ሲጠብቅ ዱካ ተከትሎ አደን የወጣ ሰው ማለት ነው፤ ሲላላ ደግሞ ከሞት የሚያወጣ፣ የሚታደግ ማለት ነው። ተከታታይ ነፍሰ ገዳይ ስለሚታደንባቸው ድራማዎች እንድናገር ስጋበዝ ከሁሉ አስቀድሞ ወደ አእምሮዬ የመጣው ይህ ቃል ነበር፤ ምክንያቱም የእነዚህ ድራማዎች ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቁት የሚጠብቀውን አዳኝ ብቻ ነው። ገዳዩ ሴቶችን ሲያድን፣ መርማሪው ገዳዩን ሲያድን እናያለን፤ ሟቿ ግን ገና በመክፈቻው ሬሳ ሆና ትገኝና ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፎቶግራፍ ሆና ትቀራለች። የሚላላውን አዳኝ፣ ማለትም «ይህች ሴት እንዳትሞት ማን ምን ማድረግ ይችል ነበር?» የሚለውን ጥያቄ፣ የሚያነሡት ጥቂቶች ናቸው።

ብዙ ድራማዎችን እየዘረዘርሁ ጊዜያችሁን አልወስድም። የምናገረው ስለ አንዱ፣ ከእርሱም በይበልጥ ስለ መጀመሪያው ክፍል ነው። ድራማው «ዘ ሎንግ ሻዶው» ይባላል፤ «ረጅሙ ጥላ» ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም። ጆርጅ ኬይ ጽፎት፣ ሉዊስ አርኖልድ አዘጋጅቶት፣ የብሪታንያው አይቲቪ ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ በሰባት ክፍል አሳይቶታል። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር። ታሪኩ እውነተኛ ነው። ከ1975 እስከ 1980 መጨረሻ ድረስ በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሸርና በማንቸስተር፣ አንድ ሰው 13 ሴቶችን ገደለ፤ 7 ሴቶችን ደግሞ ለመግደል ሞክሮ በሕይወት ተረፉ። ፍርድ ቤት ያጸናው ቁጥር ይህ ነው። ሰውየው ፒተር ሰትክሊፍ ይባላል፤ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ በሜይ 1981 ተፈርዶበት በኖቬምበር 2020 እስረኛ እንደሆነ ሞተ። ከእንግዲህ ስሙን አልጠራውም። ጋዜጦች ከ1888ቱ የለንደን ነፍሰ ገዳይ ተውሰው ያወጡለትን ቅጽል ስምም አልጠቀምበትም፤ ያ ስም አንድን ነፍሰ ገዳይ ወደ ተረት ጭራቅነት ከፍ አድርጎታልና።

የመጀመሪያው ክፍል የሚነሣው በሊድስ ከተማ ከምትኖር ከዊልማ ማካን ቤት ነው። ዊልማ የ28 ዓመት ሴትና የአራት ልጆች እናት ነበረች። ኦክቶበር 30 ቀን 1975 ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ እናታቸው ማታ ወጥታ አለመመለሷ ያስጨነቃቸው ሁለት ልጆቿ ከቤት ወጥተው፣ በአውቶቡስ ትመጣ ይሆናል በሚል ተስፋ ማቆሚያው ላይ ቆመው ጠበቁ። ይህ የደራሲ ፈጠራ አይደለም፤ በእርግጥ የሆነ ነው። የዊልማ አስክሬን የተገኘው ከቤቷ ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ የመጫወቻ ሜዳ ላይ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ በዚህ ዓይነት ድራማ ካሜራው ዘወትር የሚሮጠው ወደ ሜዳው ነው፤ ወደ ፖሊሱ መከለያ ገመድ፣ ወደ ነጩ ሸራ፣ ጎንበስ ብሎ ወደሚያየው መርማሪ። እዚህ ግን ተመልካቹ አስቀድሞ የሚያውቀው የልጆቹን ብርድ ነው። መርማሪው ሲመጣ የሚመጣው በእነርሱ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ድራማው ያደረገው ነገር ይበልጥ ደፋር ነው። የክፍሉን ሰፊ ጊዜ የሚሰጠው ለኤሚሊ ጃክሰንና ለባሏ ለሲድኒ ነው። ሲድኒ የቤት ጣሪያ እየሠራ የሚተዳደር ሰው ነበር፤ ኤሚሊ ደግሞ የ42 ዓመት ሴት፣ የልጆች እናት፣ የባሏን ዕቃ የሚያመላልሰውን መኪና የምትነዳ፣ የቤቱንም የሥራውንም ሒሳብ የምትሸከም ነበረች። ገንዘብ አጠራቸው። ዕዳው ሲጠነክር ሴትዮዋ ወደ ሊድስ ጎዳና ወጣች፤ ባሏም ያውቅ ነበር። ጃንዋሪ 20 ቀን 1976 ማታ ሁለቱ አብረው ወደ አንድ መጠጥ ቤት ሄዱ፤ እርሱ ውስጥ ተቀምጦ ጠበቃት፤ ስትዘገይበት በታክሲ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እርሷ አልተመለሰችም። ድራማው ይህን ሲያሳይ አይቸኩልም፤ የቤቱን ወጥ ቤት፣ የባልና ሚስቱን ዝምታ፣ ያልተከፈለውን ሒሳብ ያሳየናል። ኤሚሊ በምትሞትበት ሰዓት ለእኛ «ሁለተኛዋ ሟች» አይደለችም፤ ነገ ጠዋት ምን ልትሠራ እንዳሰበች የምናውቃት ሴት ናት።

ይህ ለሥራችሁ የሚጠቅም ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በወንጀል ድራማ ውስጥ ውዱ ገንዘብ ደቂቃ ነው። አንድ ጸሐፊ ለማን ስንት ደቂቃ እንደሰጠ ቆጥራችሁ ብታዩ፣ ማንን እንደ ሰው ማንን እንደ ዕቃ እንደቆጠረ ትደርሱበታላችሁ። ለሟቿ አርባ ሰከንድ፣ ለገዳዩ የልጅነት ታሪክ ሃያ ደቂቃ የሚሰጥ ድርሰት፣ በአንደበቱ ምንም ያህል ቢያዝንላት፣ በሰዓቱ ግን ንቋታል። የዚህ ክፍል ትልቅነት የምለው የደቂቃ አከፋፈሉን መገልበጡን ነው። ቶቢ ጆንስ የሚጫወተው መርማሪ፣ ዴኒስ ሆባን፣ አለ፤ ይለፋል፣ ይጨነቃል፤ ነገር ግን ታሪኩን የተሸከመው እርሱ አይደለም።

አሁን ስለ ሌላ «ቃል»፣ ስለ ምስክርነት ቃል ልናገር። እኔ ለዓመታት በእንግሊዝ አገር በአስተርጓሚነት ሠርቻለሁ፤ የአማርኛ ተናጋሪዎች ቃላቸውን በሚሰጡበት ክፍል ውስጥ ብዙ ሌሊት አሳልፌያለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት የአገራችን ልጅ ከሥራ ስትወጣ አንድ ሰው እየተከተለ እንደሚያስፈራራት ልታመለክት መጣች። የሰውየውን ቁመት፣ ጃኬቱን፣ አረማመዱን በዝርዝር ተናገረች፤ እኔ እተረጉማለሁ፣ ተቀባዩ ይጽፋል። ከዚያ የት እንደምትሠራ ጠየቃት፤ የሌሊት መጠጥ ቤት እንደሆነ ነገረችው። እርሷ መናገሯን ቀጠለች፣ እኔም መተርጎሜን ቀጠልሁ፤ የሚጽፈው እጅ ግን ቆመ። ብዕሩ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ያሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ቃል ተቀባዩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በጨዋነት ነበር ያሰናበታት። ለእርሱ ግን ምስክርነቷ የሥራ ቦታዋ ከተጠራበት ሰዓት ጀምሮ አልቆ ነበር።

በዮርክሸር የሆነውም ይኸው ነው፤ በእጅጉ በሰፋና በከፋ መጠን። ምርመራውን የመሩት ሰዎች ገና ከጥዋቱ «ይህ ሰው የሚጠላው ሴተኛ አዳሪዎችን ነው» ብለው ደመደሙ። ድምዳሜው ሁለት ጉዳት አመጣ። የመጀመሪያው የሕዝቡ ግድ የለሽነት ነው፤ በ1977 አንዲት የ16 ዓመት የሱቅ ሠራተኛ እስክትገደል ድረስ ብዙው ሰው ጉዳዩን የአንድ ሰፈር፣ የአንድ ዓይነት ሴቶች ጣጣ አድርጎ ይመለከተው ነበር፤ እርሷ ስትሞት ግን «ንጹሕ ሴት» የሚል ቃል በጋዜጦች ወጣ፤ እንደዚያ ከሆነ ከእርሷ በፊት የሞቱት ምን ነበሩ? በ1981ዱ የፍርድ ሂደት የመንግሥት ዋና የሕግ ሹም ሳይቀሩ፣ ከሟቾቹ አንዳንዶቹ ሴተኛ አዳሪዎች እንደነበሩ፣ ከጉዳዩ ሁሉ ምናልባት እጅግ አሳዛኙ ግን አንዳንዶቹ አለመሆናቸው እንደሆነ ለችሎቱ ተናግረዋል። የምዕራብ ዮርክሸር ፖሊስ በጊዜው ስለ ሟቾቹ ለተጠቀመበት ቋንቋና አነጋገር በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በኖቬምበር 2020 ነው፤ ገዳዩ በሞተበት ወር፣ ዊልማ ከሞተች ከ45 ዓመት በኋላ።

ሁለተኛው ጉዳት ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚከፋው እርሱ ይመስለኛል። ገዳዩ የሚያጠቃው ሴተኛ አዳሪዎችን ብቻ ነው ተብሎ ከተወሰነ፣ ሴተኛ አዳሪ ያልሆነች ሴት በመዶሻ ተመትታ ብትተርፍ የእርሷ ጉዳይ ሌላ መዝገብ ይሆናል ማለት ነው። በኦገስት 1975፣ ዊልማ ከመገደሏ ከሁለት ወር ገደማ በፊት፣ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ በገጠር መንገድ ላይ ወደ ቤቷ ስትሄድ ከአንድ ሰው ጋር ለረጅም ጊዜ እያወራች ተጓዘች፤ ሰውየው በመጨረሻ ከኋላ መታት። ተርፋ፣ ፊቱን በሚገባ አይታው ስለነበር፣ በእርሷ ገለጻ የፊቱ ምስል ተሠራ። ምስሉ ከእውነተኛው ሰው ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ግን ልጅቱ ተማሪ ናት፣ የምትኖረውም በገጠር ነው፤ ስለዚህ ጥቃቷ ከግድያዎቹ ጋር አልተያያዘም። በሜይ 1976 ደግሞ አንዲት የ20 ዓመት ጥቁር ወጣት በሊድስ ሩንድሄይ መናፈሻ ተመሳሳይ ጥቃት ደረሰባት፤ እርጉዝ ነበረች፣ ጽንሷንም አጣች። የመታት ሰው ጢማም ነጭ መሆኑን ተናገረች፤ አላመኗትም። የተረፉትን ሴቶች ስም የማልጠራው ዘንግቼ አይደለም፤ ሕይወታቸው የራሳቸው ስለሆነ ነው።

ልብ በሉ፤ ፖሊስ የሚፈልገው የገዳዩን ፊት ነበር፤ ፊቱን ያዩ ሴቶች ደግሞ በሕይወት ነበሩ፣ ተናግረውም ነበር። ጥቃቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ላያቸው ሰው፣ ከተለያዩ ሴቶች ገለጻ የተሠሩት ምስሎች ጢሙንና ጥቁር ጸጉሩን እየደጋገሙ አንድ ሰው ያሳያሉ። ሰር ላውረንስ ባይፎርድ ጉዳዩን መርምረው በ1981 መጨረሻ ለመንግሥት ያቀረቡት ሪፖርት ይህን በግልጽ ያነሣል፤ ሪፖርቱ ራሱ ለሕዝብ ይፋ የሆነው በ2006 ነው።

እስኪ አሁን ስለ ድምፁ ልንገራችሁ፤ እንደ ቋንቋ ሰው እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። በ1978 እና በ1979 «ገዳዩ እኔ ነኝ» የሚሉ ሦስት ደብዳቤዎች ተላኩ፤ በጁን 1979 ደግሞ አንድ የቴፕ ካሴት ለምርመራው መሪ ለጆርጅ ኦልድፊልድ ደረሰ። በካሴቱ ውስጥ አንድ ሰው ረጋ ባለ ድምፅ ኦልድፊልድን በስሙ እየጠራ፣ ሊይዘው ስላልቻለ ይሳለቅበታል። ኦልድፊልድ ካሴቱን በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ለሕዝብ አሰማ። ከዚያ በኋላ ድምፁ በየሬዲዮው፣ በየመጠጥ ቤቱ፣ ሰው ስልክ ደውሎ በሚያዳምጥበት ልዩ መስመር ሳይቀር ተሰማ። የድምፁ ባለቤት ዘዬ ዮርክሸር አይደለም፤ የሰሜን ምሥራቅ፣ የሰንደርላንድ አካባቢ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ተጠርጣሪ የዚያ አገር አነጋገር ከሌለው ከጥርጣሬ ነጻ ይሆን ጀመር።

የሊድስ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ባለሙያዎች ስታንሊ ኤሊስና ጃክ ዊንዘር ሉዊስ ካሴቱን አዳምጠው ዘዬውን በሰንደርላንድ ውስጥ ካስልታውን እስከምትባል መንደር ድረስ አጠበቡት። የሚያስደንቅ ሥራ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን ቀጥሎ ያደረጉት ነው፤ ሰውየው በእርግጥ ከዚያች ትንሽ መንደር ከሆነ ፖሊስ ደርሶበት፣ ግድያው በተፈጸመበት ሰዓት ሌላ ቦታ እንደነበረ አረጋግጦ ለቆት ይሆናል፤ ስለዚህ ካሴቱ የገዳዩ ላይሆን ይችላል ብለው አስጠነቀቁ። የቋንቋ ባለሙያዎቹ ከመርማሪዎቹ በተሻለ እንደ መርማሪ አሰቡ። ማስጠንቀቂያቸው ሰሚ አላገኘም። እውነተኛው ገዳይ የዮርክሸር ተወላጅ፣ አነጋገሩም የዮርክሸር ነበረ። ካሴቱ ለሕዝብ ከተሰማ በኋላ ሦስት ሴቶች ተገድለዋል። አሳሳቹ ራሱ፣ ጆን ሃምብል የተባለ የሰንደርላንድ ሰው፣ የተገኘው በ2005 ሲሆን የለየው በደብዳቤው ፖስታ ላይ የቀረ ምራቅ ዲኤንኤ ነው፤ በ2006 የ8 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

አባቶቻችን ሌባሻይ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መጠጥ ይሰጡትና፣ ወገቡን በመቀነት ይዘው ይከተሉታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ በወደቀበት ደጃፍ የሚኖር ሰው ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። ይህን ስንሰማ ዛሬ እንገረማለን። ነገር ግን በ1979 የብሪታንያ ፖሊስ፣ ኮምፒዩተርና ላቦራቶሪ እያለው፣ የአንድ የማያውቀውን ሰው ድምፅ መቀነት ይዞ ሰንደርላንድ ድረስ ተጎተተ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ሰው ሲጨንቀው፣ በተለይም ሕዝብ ሁሉ እያየው ሲጨንቀው፣ በእርግጠኝነት የሚናገር ድምፅ ይፈልጋል። ዴቪድ ሞሪሲ ኦልድፊልድን ሲጫወት ይህን ጭንቀት በሚገባ ያሳያል፤ ሞኝ አድርጎ አይደለም፣ እየታመመ ሥራውን ያልተወ፣ እልህ ውስጥ የገባ ሰው አድርጎ ነው። ስለ ውድቀት የሚጽፍ ሰው ወዳቂውን አቅልሎ ማሳየት የለበትም ብዬ አምናለሁ።

የምርመራው ሌላ ጠላት ወረቀት ነበር። የእያንዳንዱ የተጠየቀ ሰው ስም፣ የእያንዳንዱ የታየ መኪና ታርጋ፣ የእያንዳንዱ ጥቆማ ካርድ በእጅ እየተጻፈ በሊድሱ ሚልጋርዝ ፖሊስ ጣቢያ ይደረደር ነበር፤ የካርዱ ክብደት ከመብዛቱ የተነሣ የክፍሉ ወለል እንዲጠናከር እስከማድረግ ተደርሷል። አንድ ሰው ስለ መኪናው ሲጠየቅ አንድ ካርድ ይጻፍበታል፣ ስለ ገንዘብ ሲጠየቅ ሌላ ካርድ፤ ሁለቱ ካርዶች ግን ላይገናኙ ይችላሉ።

የገንዘቡ ነገር እንዲህ ነው። በኦክቶበር 1977 በማንቸስተር የተገደለች አንዲት ሴት ቦርሳ ውስጥ አዲስ የ5 ፓውንድ ኖት ተገኘ። ከባንክ ከወጣ ጥቂት ቀን የሆነው ነበር፤ ዱካው ወደ ዮርክሸር፣ ወደ ሺፕሊ አካባቢ መራ፤ ደመወዝ ሲከፈል ለማን ሊደርስ እንደሚችል ሲጣራ ወደ 8,000 የሚጠጉ የድርጅት ሠራተኞች ሆኑ። ከእነዚህ 5,000 የሚሆኑትን ፖሊስ አነጋገረ፤ ገዳዩም ከተነጋገሩት አንዱ ነበር። ሚስቱና እናቱ በዚያ ቀን ቤት እንደነበረ መሰከሩለት፤ ታለፈ። በአጠቃላይ እስኪያዝ ድረስ ፖሊስ ዘጠኝ ጊዜ አነጋግሮታል። ዘጠኝ ጊዜ! በጁላይ 1979 ያነጋገረው አንድ ወጣት ፖሊስ መልኩ ከተረፉት ሴቶች አንዷ ከሰጠችው ገለጻ ጋር መመሳሰሉን፣ ጥርሱ ላይ ያለውን ክፍተትና የጫማውን ቁጥር አስተውሎ፣ ይህ ሰው በደንብ እንዲጣራ የሚል ዘገባ አቀረበ። ዘገባው ግን የእጅ ጽሑፉ ከደብዳቤዎቹ፣ አነጋገሩም ከካሴቱ ጋር አይገጥምም በሚል ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ገባ።

ይህ ለድራማ ጸሐፊ ከባድ ፈተና ነው። ሁለት ካርድ አለመገናኘቱን እንዴት ያሳዩታል? ካርዱ አያለቅስም፣ አይሮጥም። ብዙዎች ከዚህ ፈተና የሚያመልጡት አንድ ብልህ መርማሪ ፈጥረው፣ ሌሊት ብቻውን ተቀምጦ ግድግዳውን ሲመለከት ድንገት እንዲገባው በማድረግ ነው። እኔ ይህን መንገድ አልወደውም፤ ምክንያቱም ሐሰት ነው። በእውነተኛው ዓለም ተከታታይ ነፍሰ ገዳዮችን ያስመለጣቸው ብዙውን ጊዜ የእነርሱ ብልጠት ሳይሆን፣ የአንዱ ቢሮ ካርድ ለሌላው ቢሮ አለመድረሱና የአንዲት ሴት ቃል ተጽፎ አለመነበቡ ነው። ብሪታንያ ከዚህ ውድቀት በኋላ ሆምስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት አቋቁማ በ1985 ሥራ ላይ አዋለች፤ ዓላማው የትልልቅ ምርመራዎች መረጃ ሁሉ በአንድ ቋት ገብቶ እርስ በርሱ እንዲመሳከር ነው። እናንተ ወረቀቱን ማሳየት ካስቸገራችሁ፣ በወረቀቱ ላይ የተጻፈችውን ሴት አሳዩ፤ ቃሏን ስትሰጥ፣ ከዚያ ወረቀቱ ሲታጠፍ፣ ከዚያ እርሷ ስልክ ስትጠብቅ።

በከተማው ውስጥ ግን ሴቶች ዝም ብለው አልጠበቁም። ፖሊስ ሴቶች ማታ ማታ ከቤት እንዳይወጡ ሲመክር፣ ሊድስ ውስጥ ያሉ ሴቶች «ገዳዩ ወንድ ሆኖ ሳለ ቤት የምንዘጋው እኛ ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ፤ በኖቬምበር 12 ቀን 1977 በሊድስና በሌሎች የእንግሊዝ ከተሞች ሴቶች በሌሊት ሰልፍ ወጡ። ይህን ታሪክ የሚያወሳ ድራማ ሁሉ ከመርማሪዎቹ ክፍል ወጥቶ ወደዚያ ጎዳና መሄድ አለበት ብዬ አስባለሁ፤ የሚላላው አዳኝ በዚያ ሌሊት ጎዳና ላይ ነበርና።

«ረጅሙ ጥላ» እንከን የለውም አልልም። ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ ድራማው ቀስ በቀስ ወደ ቢሮ ይመለሳል፤ ወንዶች ጠረጴዛ ዙሪያ ሲከራከሩ የምናይበት ሰዓት ይረዝማል፤ በመጀመሪያው ክፍል ለኤሚሊ የተሰጠውን ያህል ትዕግሥት ሁሉም ሴቶች አላገኙም። ሰባት ክፍል ለ13 ሴቶች ይበቃል ወይ ቢባል አይበቃም። ያም ሆኖ ሁለት ነገሮችን አከብርለታለሁ። አንደኛው ገዳዩን ለማሳየት መሰሰቱ ነው፤ ፊቱን እምብዛም አናየውም፣ ልጅነቱን አንሰማም። ሁለተኛው ስሙ ነው። ድራማው ሲታቀድ የተሰጠው ርእስ ጋዜጦች ለገዳዩ ያወጡት ቅጽል ስም ነበር፤ የሟች ቤተሰቦች ተቃወሙ፤ አዘጋጆቹም ሰምተው ቀየሩት። የዊልማን ቤተሰብ ሲያስጨንቀው የኖረው ያ ስም፣ በልጆቿ ዕድሜ ሁሉ በየጋዜጣው ሲከተላቸው ቆይቶ፣ ቢያንስ ከዚህ አንድ ርእስ ላይ ወረደ።

በመጨረሻ እንዴት እንደተያዘ ሁልጊዜ ስለምትጠይቁኝ ልንገራችሁ። ታላቁ የምርመራ ቡድን አልያዘውም። ጃንዋሪ 2 ቀን 1981 ማታ፣ በሼፊልድ ከተማ ጨለማ ባለ መንገድ ላይ፣ ሁለት ተራ ዘበኛ ፖሊሶች በቆመ መኪና ውስጥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አዩ። የመኪናውን ታርጋ በሬዲዮ ሲያጣሩ ታርጋው የሌላ መኪና ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ለሽንት ልሂድ ብሎ ከአጠገባቸው ዘወር አለ፤ ከዚያ በታርጋው ስርቆት ምክንያት ተይዞ ሄደ። በማግሥቱ ከሁለቱ ፖሊሶች አንዱ፣ ሳጅን ሮበርት ሪንግ፣ ያ ሰው ስለ ግድያዎቹ እየተጠየቀ መሆኑን ሲሰማ፣ ማንም ሳያዘው ወደዚያው ቦታ ተመለሰ፤ ሰውየው ዘወር ብሎበት ከነበረው የዘይት ማጠራቀሚያ ታንክ ጀርባ፣ ቅጠል መሐል፣ መዶሻና ቢላዋ አገኘ። ሰውየው በጃንዋሪ 4 አመነ።

ድራማ ጸሐፊዎች ከዚያ ሌሊት የሚወስዱት መዶሻውን ነው። እኔ ስለዚያ ሌሊት በተናገርሁ ቁጥር የማስበው ግን በመኪናው ውስጥ ስለነበረችው ሴት ነው። ፖሊሶቹ መስኮቱን ሲያንኳኩ እርሷ ሥራ አበላሹብኝ ብላ ሳትናደድ አትቀርም። ያኔ ማን አጠገብ እንደተቀመጠች አታውቅም ነበር፤ እነርሱም ማንን ከማን እጅ እንዳወጡ አያውቁም ነበር። የታርጋውን ቁጥር ብቻ ነበር የጠየቁት። ሴትዮዋ በዚያ ሌሊት ከመኪናው በእግሯ ወረደች።

አመሰግናለሁ።